በጎረቤት ጡት ያደጉ

ጥቅምት 9

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ቆሜ፣ ቀጥሎ መነጽሬን ካገኘሁ በኋላ። የመጀመሪያው ንባብ ብዙም አልጠቀመኝም።

ስልክ አታነሳም ብለሽ ወቅሰሽኛል። አነሳለሁ የኔ እናት፤ ግን ከጆሮዬ ጋር ከተጣላን ቆየን። ባለፈው የነገርሽኝን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ቆይቼ፣ ከዘጋሁት በኋላ በምን እንደተስማማሁ አላወቅኩም። ደብዳቤ ግን አይቸኩልም። ያልገባኝ ቦታ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ቆም እላለሁ።

ጉልበቴ ደህና ነው። ምሳም እበላለሁ። የእናትሽን ሹራብ ለማንም አልሰጠሁም፤ እሰጣለሁ ያልኩሽም እንድትቆጪኝ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ የዝናብ ልብሱን ጨርቅ የምትነክሩበት ያ ነጭ ፈሳሽ፣ «እርጎ» የምትሉት፣ የሚመረመረው እኔ የምሠራበት ቤት ነው። ፋብሪካችሁ ሰሌዳ ላይ «ምርመራው እስኪጠናቀቅ መጠቀም ተፈቅዷል» ብሎ ከለጠፈ እንግዲህ ምስጢር አይደለም። ምርመራውን የምትመራውን ዶክተርም ጠይቄያት «ይንገሯት» ብላኛለች። ነጫጭ እንስት አይጦች አሉን። ሳጥናቸው ላይ ቢጫ ካርድ የተሰካላቸው እርጎው ከሚጠጡት ውሃ ጋር ጠብ ይደረግላቸዋል፤ ነጭ ካርድ ያላቸው ንጹሕ ውሃ ይጠጣሉ። ከዚያ ይወልዳሉ፣ ልጆቻቸው አድገው ይታያሉ። የቢጫዎቹ ልጆች ከነጮቹ ካነሱ እርጎው ክፉ ነው ማለት ነው፤ እኩል ከሆኑ ይፈቀዳል። ይህን የምታውቀው ዶክተሯ ናት። የእኔ ሥራ መመገብ፣ ሰጋቱራ መቀየርና ጠዋት ስገባ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ነው።

ግን አንድ ነገር እኔም ልጠይቅሽ። በአንድ ገጽ ላይ ስለ እናቶቹ አይጦች ደጋግመሽ ጠይቀሻል፤ ይበላሉ ወይ፣ ይደክማቸዋል ወይ፣ ልጆቻቸውስ። ስለ ወንዶቹ አንድም ቃል የለም። አይጥ ባየች ቁጥር ወንበር ላይ ትወጣ የነበረች ልጅ ዛሬ ስለ አይጥ ማህፀን ይህን ያህል ማሰቧ ወይ አስግቶኛል ወይ በጣም ደስ ብሎኛል። የትኛው እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ።

አባትሽ


ጥቅምት 22

አባዬ፣

ከአንተና ከመነጽርህ የሚደበቅ ነገር የለም። አዎ። አርግዣለሁ፤ ሁለት ወር ሞልቶኛል።

ያልነገርኩህ ባለፈው ጊዜ ስለነገርኩህ ነው። ያኔ ገና ሳይጸና አወራን፣ ተሳሳቅን፣ ባለቤቴ የሕፃን አልጋ ሠራ። ከዚያ አልጋውን ማን ያንሳው እየተባባልን ስንት ጊዜ በጎኑ አለፍን። በዚህኛው አፌን ልያዝ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ። እንደማትቀየመኝ ስለማውቅ ነው ደግሞ የደፈርኩት።

ከመንከሪያው አዳራሽ ልቀየር ብዬ አለቃችንን ጠይቄው ነበር። ስሙን ነግሬህ አውቃለሁ? «አቶ ይታያል» እንለዋለን። ጣራው ያፈሳል ስትለው «ይታያል»፣ ጓንት አለቀ ስትለው «ይታያል»። ስለ እርጎው ስጠይቀው ግን እሱንም ነፈገኝ። «ሰሌዳውን አላነበብሽም? ተፈቅዷል! አንቺን ምን ጥልቅ አደረገሽ፣ የእርጎ ዝንብ!» አለኝ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከገንዳው ዳር ቆሜ ስሰማው እውነትም ዝንብ ነኝ።

በኋላ ለብቻዬ ጠራኝና «እሺ፣ ወደ ማጠፊያ ክፍል ልውሰድሽ፤ በአንቺ ቦታ ድምቡሼ ትግባ» አለኝ። ድምቡሼን ታውቃታለህ፤ በላክሁልህ ፎቶ ላይ ትከሻዬን አቅፋ የምትስቀዋ። አባዬ፣ እሷም እንደ እኔ ናት። የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም፤ ነፍሰ ጡር ነኝ ካለች በሰበብ ያሰናብቷታል። እና «አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል» አልኩት። ባለቤቴ «ጥለሽው ውጪ» ይለኛል። ብወጣም ያው ነው፤ ቦታው ባዶ አያድርም፣ የምትገባው እሷ ናት። በእሷ ልጅ የእኔን ላድን አልችልም። በእኔ ልጅ የእሷን ማዳንም ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ የሁለታችንም ዓይን አይጦችህ ላይ ነው። እንዴት ናቸው? ልጆቹስ?

ልጅህ


ኅዳር 7

የኔ እናት፣

ፈጣሪ ይመስገን። ሌላ ምን እላለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለእናትሽ ፎቶግራፍ ብቻ ነው የነገርኩት፣ እሷ ደግሞ ወሬ አታወጣም። ባለፈው ያልጸናውንም አልረሳሁትም፤ በጸሎቴ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው።

ለድምቡሼ ያደረግሽውን እናትሽ ብታይ መጀመሪያ ትቆጣሽ ነበር፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር። እኔም ሁለቱንም በየተራ አደረግኩ።

አሁን የምሥራቹን ስሚ። ዛሬ ጠዋት ዶክተሯ ወደ አይጥ ክፍሉ መጣች። ልብሷን ሳትቀይር በሩ ላይ ቆማ፣ «አባባ፣ የመጀመሪያው ውጤት ወጣ። የቢጫዎቹና የነጮቹ ልጆች እኩል ናቸው» አለችኝ። ክብደታቸው፣ ዓይናቸውን የሚገልጡበት ጊዜ፣ ድምፅ ሲሰሙ የሚደነግጡት አደነጋገጥ፣ ሁሉም እኩል! ፊቷ ላይ ግን ደስታ አላየሁም። «የእናቶቹን ደም ሳየው እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም» ብላ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች። የተማረ ሰው መልካም ነገርም ይጠራጠራል። እኔ ግን በሩን ዘግቼ ተንበረከክሁ። እርጎውን የሚፈቅደው ወይም የሚያግደው ቦርድ የሚሰበሰበው በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ያኔ ሰሌዳችሁ ላይ «ጉዳት የለውም» ተብሎ ይለጠፋል፤ አንቺም ድምቡሼም ያለ ሥጋት ትተነፍሳላችሁ።

እኔም ትንሽ እጄ አለበት ብዬ ብኩራራ አትሳቂብኝ። ምርመራው ውስጥ አይደለም፤ ልጆቹ እንዲጠነክሩ በማድረጉ ነው። አንዳንዷ እናት ከወለደች በኋላ ትደክማለች፤ ጡቷ አይሞላም፣ ልጆቿን ጥላ ጥግ ትይዛለች። ልጆቹ ደግሞ ፀጉር እንኳ አላበቀሉም፤ የጣት ጫፍ የሚያህል ቀይ ሥጋ ናቸው። ቀድሞ አይጦቹ በሚረቡበት ቤት ስሠራ የለመድነው ዘዴ ነበር። ልጆቹን በጎረቤቷ እናት ሰጋቱራ ቀስ አድርገሽ ታሻቸዋለሽ፣ የእሷን ጠረን ይይዛሉ፣ ከልጆቿ መሐል ታስገቢያቸዋለሽ። «የማን ናችሁ» ሳትል ታጠባቸዋለች። ለደከመችው ደግሞ ጠንከር ያሉትን የጎረቤቷን ልጆች ትሰጫታለሽ፤ ጠንካራ ልጅ ሲስበው ጡትም ይነቃል። ቁጥራቸውንም ከጎጆ ጎጆ እኩል አደርጋለሁ። ማንም አልነገረኝም፤ የደከመች ባየሁ ቁጥር እንዲሁ አደርገዋለሁ።

እህል ብዪ። ውሃ ጠጪ። ከባድ ነገር አታንሺ።

አባትሽ


ኅዳር 20

ልጄ፣

የላክሽው ደብዳቤ አንድ መስመር ብቻ ነበር። «አባዬ፣ የደከመችው ባለ ቢጫ ካርድ፣ ጎረቤቷ ደግሞ ባለ ነጭ ካርድ ብትሆንስ?» ይላል።

አንብቤው ከመኝታዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። የደከሙት ሁልጊዜ ቢጫዎቹ ነበሩ።

እኔ ምርመራው ያለው ውሃው ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የውሃ ጡጦ አንድም ቀን በስህተት አቀያይሬ አላውቅም። ካርድ አላምታታሁም። ልጆቹ ግን ለእኔ የሚጠቡ ልጆች እንጂ ውጤት አልነበሩም። የቢጫዎቹን ለነጮቹ፣ የነጮቹን ለቢጫዎቹ ሳቀባብል ሁሉንም አንድ አድርጌያቸዋለሁ። እኩል ናቸው የተባለው ለዚህ ነው። የምሥራች ብዬ የጻፍኩልሽ የገዛ እጄን ሥራ ነበር።

እንደ ነጋ ዶክተሯ ቢሮ ሄድኩ። ምሳ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ኮቷን እየሰቀለች ነበር። ቆሜ ነገርኳት።

«ስንት ጊዜ አደረጉት?» አለችኝ።

«የደከመች ባየሁ ቁጥር።»

«ባዩ ቁጥር…» ብላ ደገመችው። «አባባ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«እኔን አይሻለኝም፤ ይቀመጡልኝ።»

ተቀመጥኩ። እሷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «የዓመት ተኩል ሥራ ነው» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ለቦርዱ “በእንስሳት ክፍሉ ችግር ተፈጥሯል” ብዬ እጽፋለሁ። የእርስዎ ስም መነሳት አያስፈልገውም። ምርመራው ግን ከመጀመሪያው መደገም አለበት» አለችኝ።

ያኔ ነው ስለ አንቺ የነገርኳት። አዳራሹን፣ ገንዳውን፣ ድምቡሼን፣ ወሩን። እስካሁን «ልጄ ፋብሪካ ውስጥ ናት» ብዬ እንጂ እንዲህ አድርጌ አልነገርኳትም ነበር። «ዓመት ተኩል አትቆይም ዶክተር፤ ፅንስ ቀጠሮ አያራዝምም» አልኳት።

ከመስኮቱ ርቃ ግድግዳው ላይ ወዳለው ነጭ ሰሌዳ ሄደች። እዚያ ላይ እንደ አውቶቡስ መንገድ የተሣለ ነገር አለ። ስጠርግ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጠይቄ ግን አላውቅም። «የጉዳት መንገድ ነው» አለችኝ። በገባኝ መጠን ልንገርሽ። አንገታችን ውስጥ ያለች ዕጢ አለች፣ ስታብጥ እንቅርት የምንላት። ሰውነት የሚሠራበትን ሆርሞን የምታዘጋጀው እሷ ናት። እርጎው መጀመሪያ የሚይዘው እሷን ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ፌርማታ ነው። ቀጥሎ በእናት ደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ፌርማታ። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ስለማያዘጋጅ የሚቀዳው ከእናቱ ነው። ከእሷ ከጎደለ ከእሱም ይጎድላል። አእምሮው በሚሠራበት ጊዜ ይጎድልበታል። መጨረሻው ፌርማታ መስማትና መማር ላይ ነው፣ ልጁ ከተወለደ ከብዙ ጊዜ በኋላ።

«እስከ ዛሬ ቦርዱ ቆሞ የሚጠብቀው መጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው» አለችኝ። «“የተጎዳ ልጅ አሳዩን” ይላል። መንገዱ ግን የታወቀ ነው፤ በሌሎች ኬሚካሎች ብዙ ተመራማሪዎች ሄደውበታል፣ ከአንዱ ፌርማታ ወደ ሌላው እንደሚያደርስ ተፈትኗል። የእኛ እርጎ የመጀመሪያውን እንደያዘ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች አይተናል። ሁለተኛውን በእናቶቹ ደም አይተናል። አባባ፣ እርስዎ የእናቶቹን ደም አልነኩም።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ማለትዎ ነው?» አልኳት።

«እሱን ነው። ቦርዱ ግን በዚህ መንገድ ፈርዶ አያውቅም።»

ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ። ያቺን ዕጢ ሐኪሞች ታይሮይድ ይሏታል፤ «የታይሮይድ ምርመራ» በያቸው፤ በቀላል የደም ምርመራ ይታያል። ድምቡሼንም ይዘሻት ሂጂ። ዶክተሯ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ከተደረሰ የጎደለውን በክኒን መሙላት ይቻላል ብላለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሆንኩብሽ አባትሽ ይህን ቢያንስ ልንገርሽ።

አሁን ደግሞ ለራሴ የቀረኝ ነገር አለ። ርኅራኄ ነው ያልኩት ርኅራኄ ነበር ወይ? ወይስ ሲራቡ ማየት ስላልቻልኩ የራሴን ዓይን ማሳረፌ? ስጸልይ ይህን መለየት አቃተኝ። ስሜን ደብቃ ልታልፍልኝ ነው። ዝም ልበል ወይስ ቦርዱ ፊት ቆሜ ልናገር? ምን ትመክሪኛለሽ?

አባትሽ


ታኅሣሥ 3

አባዬ፣

አትጸጸት አልልህም። ብልህም አትሰማኝም፣ ያውም በጆሮህ ምክንያት ሳይሆን።

መጀመሪያ ተናድጄብህ ነበር። ደብዳቤህን ለባለቤቴ ስሰጠው «አንብበው፤ እኔ ደግሜ ካነበብኩት እጮሃለሁ» አልኩት። በኋላ ግን ሳህን እያጠብኩ ስለ እነዚያ ቀያይ ልጆች ሳስብ አንድ ነገር መጣብኝ። እኔንስ ማን አጠባኝ? እናቴ ስትሞት ጡት አልጣልኩም ነበር። የግድግዳ ጎረቤታችን እትዬ ከልጇ ጋር በአንድ ጉልበት ላይ አድርጋ አጠባችኝ። አንተ ሥራ ስትሄድ አስረክበኸኝ፣ ስትመለስ ተቀብለኸኝ ነው ያደግኩት። እሷም «የማን ነሽ» አላለችኝም። አባዬ፣ አንተ የደከመች እናትና የራበው ልጅ ስታይ ሌላ ምን ልታደርግ ኖሯል? ሌላ አታውቅም እኮ።

ደሜን ሰጠሁ። ሆርሞኑ ዝቅ ብሏል። አትደንግጥ፤ ሐኪሙ «በጊዜ ነው የመጣሽው» ብሎ ክኒን ጀመረልኝ፤ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ እውጣለሁ። ልጄ ላይ ምን ያህል እንደጎደለበት ስጠይቀው «አይታወቅም» አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ ወደድኩት። ቤት ስደርስ ጠላሁት።

የድምቡሼ ደህና ነው፤ እስካሁን ማጠፊያ ክፍል ስለሆነች ይመስለኛል። በደስታ ስታቅፈኝ ደግሞ አፈረች። «ምን ያሳፍርሻል፣ ለአንዳችን እንኳ ይቅና እንጂ» አልኳት። እያለቀሰች ዳቦዋን ግማሽ ሰጠችኝ። የተቀረውን ግማሽም ቆይታ ሰጠችኝ።

ሐኪሙ እስከ ወሩ መጨረሻ እረፍት ጽፎልኛል። «ከሥራዋ ጋር የተያያዘ ነው ብዬ ግን ልጽፍ አልችልም፤ ተፈቅዷል የሚል ወረቀት አለ» አለኝ። ለጊዜው የመጋዘኑን ሰውዬ በቦታዬ አስገብተውታል። እረፍቴ ሲያልቅ ወይ እኔ እመለሳለሁ ወይ እሷ ትገባለች። ሁሉም ነገር ቦርዳችሁ ላይ ተንጠልጥሏል።

ልናገር ወይ ላልከኝ፣ አልመክርህም። ዝም ብትል አልፈርድብህም። ብትናገር አላፍርብህም።

ልጅህ


ታኅሣሥ 19

ልጄ፣

የሰርግሽን ዕለት ኮት ለብሼ ሄድኩ። ሁለተኛው ቁልፍ አልዘጋ ብሎኝ ነበር፤ መወፈሬን ለቦርድ ስብሰባ ስለብሰው አወቅኩ።

በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ በየፊታቸው ውሃ አለ፣ የሚጠጣው የለም። ጆሮዬን ነግሬያቸው ሰብሳቢዋ አጠገብ አስቀመጡኝ። ዶክተሯ «አያስፈልግም እኮ አባባ» ብላ ልታስቀረኝ ሞክራ ነበር። ተነሥቼ ያደረግኩትን ነገርኳቸው።

«ደንቡን ያውቁት ነበር?» አለችኝ ሰብሳቢዋ።

«አውቀው ነበር። “ሳትጠራን እጅህን አታስገባ” ይላል።»

«ታዲያ ለምን አስገቡ?»

«ርቧቸው ነበር።»

ማንም አልሳቀም። እኔም ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ ዶክተሯ መንገዷን ዘረጋች። አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው አባል፣ በዚህስ ጆሮዬ አመሰገነው፣ «ልጆቹ ላይ ጉዳት አላየንም። አሁን እኚህ ሰውዬ ያበላሹትን ትተን በሥዕል እንፍረድ ነው የምትይን?» አላት።

«ልጆቹ ላይ ጉዳት አላየንም አይባልም፤ የተቀላቀሉ ልጆች ነው ያየነው» አለችው። «በሥዕልም አይደለም። ሁለቱን ፌርማታ በራሳችን እጅ ለክተናል። የቀረውን መንገድ ሌሎች ደጋግመው ሄደውበታል።»

«እንደሱ ከሆነ ምርመራው ይደገም።»

«ይደገም ካላችሁ ይደገማል፤ ዓመት ተኩል። እስከዚያ ድረስ ምርመራውን የሚሠሩልን በየአዳራሹ ገንዳ ዳር የቆሙት ሴቶች ናቸው።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲያው ሴቶቹ ከአዳራሹ ይውጡ» አለ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ አየችውና «የምናስወጣው ሴቶቹን ነው ወይስ ፈሳሹን?» አለችው። እሷንም ወደድኳት።

ከዚያ እኛን አስወጥተው ተመካከሩ። ኮሪደሩ ላይ ዶክተሯ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ቀብራ ወዲያ ወዲህ አለች። እኔ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ጸለይኩ። ያንቺን ልጅ ብቻ ስጠኝ ልል ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ የድምቡሼም ተጨመረ፣ ከዚያ የማላውቃቸው ሁሉ ገቡበት፤ ስማቸውን ስለማላውቅ «የቆሙትን» ብዬ ጠቀለልኳቸው።

ልጄ፣ እርጎው ታግዷል። በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው፣ ግን ታግዷል። ጉዳት እንደሌለው እስኪረጋገጥ ድረስ ፋብሪካዎቹ ቀድሞ ወደሚነክሩበት ሰም ይመለሳሉ። ደብዳቤው እረፍትሽ ሳያልቅ ይደርሳችኋል። አንቺም አትመለሺበትም፣ እሷም አትገባም።

ስለ እትዬ የጻፍሽውን ሳነብ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ አጥር ይዤ ቆምኩ። እውነትሽን ነው፣ አንቺን በዚያ ዕድሜሽ ያቀፍኩሽ ከቤታችን እስከ ጎረቤት በር ድረስ ብቻ ነው። መንገዱ አጭር ስለነበር ቀስ ብዬ እሄድ ነበር።

የሥራዬን ነገር ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። አሁን ደስ ይበለን።

አባትሽ


ጥር 12

አባዬ፣

በርሜሎቹ ታሽገው ወጡ። ደብዳቤው የመጣ ዕለት አቶ ይታያል ሰሌዳው ፊት ቆሞ ደጋግሞ አነበበው። ከኋላ አንዷ «ታየ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ «ታየ! ታየ!» አለ። አንተ ባትሰማውም እዚያ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ነበር። እሱም መጨረሻ ላይ ፈገግ አለ። ለካ የሱም ሚስት ማቅለሚያ ክፍል ናት፤ ማን ያውቃል እሱስ ምን እያሰበ ያድር እንደነበር።

ሰሙ ይከብዳል፣ ይሸታል፣ ጨርቁንም ያደርቀዋል። ሁላችንም እናማርራለን፤ ማማረር እንዴት ደስ ይላል! ደሜ ደግሞ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። ድምቡሼም የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ ለአለቃው ነገረችው። «ይታያል» አላት፤ ሆዷን እያየ።

ስለ ሥራህ ግን አሁንም አልነገርከኝም። «ሌላ ጊዜ» ስትል እንደ አቶ ይታያል ነው የምትሆንብኝ።

ልጅህ


ግንቦት 29

የልጅ ልጄ እናት፣

እንዲህ ብዬ ልጠራሽ ስንት ቀን ተለማመድኩ። እንኳን ማርያም ማረችሽ። ባለቤትሽ በስልክ የነገረኝን «እሺ፣ እሺ» አልኩ፤ ይህኛውን ግን አንድም ሳይቀረኝ ሰምቻለሁ።

ለጥያቄዎችሽ ልመልስ፤ ሁሉም ተጠራቅመውብኛል።

ሥራውን ለቅቄያለሁ። ማንም አላባረረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቦርዱ ሌሎች ኬሚካሎችንም በመንገዱ ማየት ጀምሯል፤ የአይጥ ክፍሉ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። ይህ የምሥራች እንደሆነ አውቃለሁ። ሳጥኖቹን አጥቤ ደርድሬ ስጨርስ ግን ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆሜ «እንደምን አደራችሁ» ብዬ ራሴን አገኘሁት። ዶክተሯ ሴሎቹ ወዳሉበት ክፍል እንድዛወር ለምናኝ ነበር። «ዶክተር፣ ሳህን ውስጥ ላለ ሴል እንዴት እንደምን አደርሽ ይባላል?» አልኳት። «እኔ እኮ እላለሁ» አለችኝ፣ ሳትስቅ። አብረን ስንሠራ በኖርንበት ጊዜ ሁሉ እንደዚያን ዕለት አላወቅኳትም።

«አንተ ባትቀላቅላቸው ኖሮ መንገዱን ማን ያየው ነበር፣ የፈጣሪ ሥራ አይደለም ወይ?» ብለሽኛል። ልታጽናኚኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን የኔ እናት፣ ጥፋቴን ተአምር አታድርጊልኝ። ባልቀላቅላቸው ቦርዱ የተራቡትን ልጆች አይቶ እርጎውን ያግደው ነበር፣ ክኒኑም ቀድሞ ይደርስሽ ነበር። ፈጣሪ የእኔ ስህተት ሳያስፈልገው መሥራት ያውቅበታል። ስለ መውጫው አመሰግነዋለሁ፤ ስለ ጉድጓዱ ግን ራሴን እጠይቃለሁ። እጄን ማስገባቴ ግን አሁንም ኃጢአት ሆኖ አልታየኝም። ዶክተሯን አለመጥራቴ ነው የሚቆጨኝ። ጠርቻት ቢሆን ኖሮ ረሃባቸውን ሁለታችን እናይ ነበር።

«ደህና ትሆናለች ወይ?» ላልሽኝ፣ አላውቅም። ዶክተሯም አታውቅም፤ ጠይቄያታለሁ። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ እንደወረድሽ ነው የምናውቀው። አውቶቡሱ ከዚያ በኋላ የት ያደርስሽ እንደነበር መቼም አናየውም። ያልደረሰ ጉዳት ምስክር የለውም። «ይህ ሊደርስብኝ ነበር» ብሎ መጥቶ የሚያመሰግን ሰው የለም። ትጠባለች፣ ጡቱን ትስበዋለች፣ ሲያመልጣት ትቆጣለች ብለሽ ጽፈሻል፤ እኔ ለዛሬ ይህ ይበቃኛል። ነገን ነገ እንጠይቀው።

ማክሰኞ እመጣለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ትንንሽ ነፍሶችን በመዳፌ ይዣለሁ፤ ግን ለሚዛን ነበር የማነሣቸው፣ አንብቤ ወደ ቦታቸው ለመመለስ። ስለዚህ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ልጅቱን አታስታቅፊኝ። ልቀመጥ፣ እጄን ልታጠብ፣ ትንሽ ልረጋጋ።

ከዚያ ስጪኝና አንቺ ሂጂ ተኚ።

አባትሽ